ዋንጫው አልተሰረቀም፤ ጥብሱም አልተከፈለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በስልኬ ደረሰኝ። ርዕሱ «የተሰረቀው ዋንጫ» ይላል። አንዱ ልኮልኝ ሳላነበው ሌላው ላከልኝ። በሦስተኛው ተሸነፍኩና ከፈትኩት። የጻፈው ወዳጄ ነው። የሰፈር ልጅ፣ የማንችስተር ሲቲ ደጋፊ። ስሙን አልጠራም። አራት ኪሎ ኳስ የሚያይ ሰው ግን አይጠፋውም፤ ሲቲ በተሸነፈ ቁጥር ስልኩ የሚዘጋው ሰውዬ ነው።

ጉዳዩ የእንግሊዙ ጥሎ ማለፍ፣ የኤፍ ኤ ካፕ፣ ፍጻሜ ነው። ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ዌምብሌይ ላይ ክሪስታል ፓላስ ማንችስተር ሲቲን 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን የወሰደበት። ወዳጄ ይህን ውጤት እስከ ዛሬ አልተቀበለም። ጽሑፉ በአጭሩ እንዲህ ይላል። ሲቲ ኳሱን ይዞ አምሽቷል። የፓላስ በረኛ በቀይ መውጣት ነበረበት። ፔናሊቲው የዳነው በዕድል ነው። ፓላስ ባስ አቁሞ፣ ማለት ሁሉንም ወደ ኋላ ሰብስቦ በመከላከል፣ ነው የተጫወተው። ዋንጫውም ለፓላስ ምንም አልፈየደለትም። ሲጨርስ ደግሞ ወደ አገር ቤት ይመለስና ጥሎ ማለፍ የሚባል ነገር የትም ቢሆን ጨዋታ ማሟያ ነው፣ የእኛም ያው ነው ይላል።

ስድስት ክስ ነው። እኩል አልመልስም፤ አንዳንዱ ለመልስም አይበቃ።

መጀመሪያ ግን ለአንባቢ ሁለት ነገር ልናገር። አንደኛ፣ እኔ አርሰናል ነኝ። ፓላስ ዘመዴ አይደለም። ሁለተኛ፣ ጨዋታውን ያየነው አብረን ነው፤ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን። ፒያሳ የለመድናት ቤት ከፈረሰች ወዲህ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚያወርደው መንገድ ሌላ ኳስ ቤት ለምደናል። ጨዋታው በእኛ ሰዓት 12:30 ላይ ነበር። ውጭ ካፊያ ነበር፤ ቤቱ ጢም ብሏል። ከመጀመሩ በፊት ተወራረድን። የተሸነፈ ጥብስ ይጋብዛል።

ጥብሱ እስካሁን አልመጣም። ግንቦት ላይ ሃምሳው ስላላለቀ በጾም ማሳበብ አልቻለም፤ ደሞዝ አልወጣም አለ። ሰኔ ላይ የሐዋርያት ጾም ገባ አለ። ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ነው አለ። ጾሙ ሲያልቅበት ዋንጫው ተሰርቋል ብሎ መጣ። እንግዲህ ጽሑፉን ስታነቡ ይህን አትርሱ። ከዚህ በኋላ እሱን ራሱን ነው የማናግረው።

«ኳሱን ሦስት አራተኛውን ጊዜ የያዘ ቡድን ከተሸነፈ፣ የተሸነፈው እግር ኳስ ራሱ ነው» ብለሃል። ዓረፍተ ነገሯ ታምራለች። አልዋሽም፣ ሁለቴ አነበብኳት። ቁጥሩም ልክ ነው። ሲቲ ኳሱን ከ75 በመቶ በላይ ይዟል፤ ከ20 በላይ ሙከራም አድርጓል። ግን እኮ ታክሲ ውስጥ ብዙ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ሩቅ ሄደ ማለት አይደለም። መንገድ ተዘግቶበት ሊሆን ይችላል።

ያን ቀን የሆነው ይኸው ነው። ኳሱን ማን ያዘው ብቻ ሳይሆን የት ያዘው ብለህ ጠይቅ። ፓላስ ሦስት ተከላካይ ይዞ ገባ፤ ሪቻርድስ፣ ላክሯና ጌሂ። ኳስ ሲያጡ ሙኞዝና ሚቸል ከመስመር ወርደው አምስት ያደርጓቸዋል። ከፊታቸው ዋርተንና ካማዳ። መሐሉ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ለሲቲ የቀረለት ክንፉ ነው። ዶኩና ሳቪንሆ መስመር ላይ ኳስ ይቀበላሉ፣ ይደንሳሉ፣ ያሻማሉ። ላክሯ በግንባሩ ያወጣል። እንደገና ይቀበላሉ። ያንን ሁሉ ቅብብል ነው አንተ በመቶኛ ደምረህ ያመጣህልኝ።

ጎሉን ደግሞ አስታውስ። 16ኛው ደቂቃ። ከዚያ በፊት ሲቲ ሁለት ጥሩ ዕድል እንዳገኘ አምናለሁ፤ የሀላንድንም የግቫርዲዮልንም የፓላሱ በረኛ ሄንደርሰን አውጥቷቸዋል። ፓላስ ደግሞ ከግማሽ ሜዳ በቅጡ አልተሻገረም ነበር። ከዚያ ኳሱ ከኋላ ወደ ፓላሱ አጥቂ ማቴታ ተላከ። ማቴታ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ያዘው፤ ትልቅ ሰውነቱን እንደ ግድግዳ ተጠቀመበት። በቀኝ በኩል ሙኞዝ እየበረረ ነበር። ለእሱ ሰጠው። ሙኞዝ አሻማ፣ ኤዜ ኳሱን መሬት ሳያሳርፍ መታው። ከላይ እስከ ታች በጥቂት ንክኪ። ይህ ዕድል ከሆነ ልምምድ የሚባለው ምንድን ነው?

ሌላም አለ፤ ጽሑፍህ ውስጥ አንድም ቦታ ያላነሳኸው። የሲቲው አሰልጣኝ ጋርዲዮላ መሐል ሜዳውን ለዴ ብሩይነና ለበርናርዶ ሲልቫ ነበር የሰጠው። ሁለቱም ድንቅ ናቸው። ግን ኳስ ሲጠፋ ሮጦ የሚቆርጥ፣ የሚጠርግ ሰው መሐላቸው አልነበረም። ማቴታ ኳሱን ሲያቆም ማን አጠገቡ ነበር? ሙኞዝ ያንን ሁሉ ሜዳ ሲያቋርጥ ማን ተከተለው? ይህን ጥያቄ ለአሰልጣኝህ አቅርብ።

ደግሞ ፓላስ ኳሱን የተወላችሁ መያዝ ስላቃተው ብቻ አይደለም። ከፍጻሜው ልክ አምስት ሳምንት በፊት፣ ሚያዝያ 4፣ በሊግ ማንችስተር ሄዶ ነበር። ከፍቶ ተጫወተ። 2 ለ 0 መራ። ከዚያ 5 ለ 2 ተሸነፈ። ያን ቀን እዚያው አግዳሚ ላይ ሆነህ «ትንንሽ ቡድን እንዲህ ደፍሮ ሲጫወት ደስ ይለኛል» ያልከው አንተ ነህ። ደስ እንደሚልህማ ግልጽ ነው፤ አምስት አግብተህ። የፓላሱ አሰልጣኝ ግላስነር ግን አንተን ለማስደሰት አልነበረም ደሞዝ የሚከፈለው። ያን ቀን ያየውን አየ። በፍጻሜው በሩን ዘጋ። ይህ ሰው እኮ በ2022 እ.ኤ.አ. ከአይንትራክት ፍራንክፈርት ጋር ዩሮፓ ሊግ የወሰደ ነው፤ ትናንት የተገኘ አይደለም።

ዕድል የምትለውንም በአንድ ጨዋታ አትለካ። ፓላስ በዚያ ውድድር ስድስት ጨዋታ ነው ያደረገው። ስቶክፖርትን 1 ለ 0፣ ዶንካስተርን 2 ለ 0፣ ሚልዎልን 3 ለ 1፣ ፉልሃምን በሜዳው 3 ለ 0፣ በግማሽ ፍጻሜው አስቶን ቪላን 3 ለ 0፣ ከዚያ እናንተን። 13 አገባ፣ አንድ ብቻ ተቆጠረበት። ሲቲ በበኩሉ ሳልፎርድ ላይ 8 ካገባ በኋላ በሌይተን ኦሪየንትም፣ በፕሊማውዝም፣ በቦርንማውዝም መጀመሪያ ጎል ተቆጥሮበት ነው እየተነሳ ያለፈው። ዕድል ፍለጋ ከሄድክ መጀመሪያ የራስህን ቤት ፈትሽ።

አሁን ወደ ቀዩ። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ምክንያቱም ግማሽ ያህሉ እውነት ነው።

ከጎሉ ጥቂት ደቂቃ በኋላ ነው። ከሲቲ ኋላ ረጅም ኳስ መጣ። ሀላንድ እየሮጠ ነው። ሄንደርሰን ወጣና ኳሱን በእጁ ገፍቶ አራቀው። እጁ ኳሱን የነካው ከአስራ ስድስት ከሃምሳው፣ በረኛ በእጁ መንካት ከሚፈቀድለት ክልል፣ ውጭ ነው። ይህ አያከራክርም። ዳኛው ስቱዋርት አትዌል ዝም አለ። ቫር፣ ማለት በቪዲዮ የሚያየው ዳኛ፣ አየውና ቀይ አይደለም አለ። አንተ «በዓለም ላይ ያለ ሕግ ሁሉ ይህን ቀይ ይለዋል» ብለህ ጻፍክ።

አይለውም። ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው። በረኛ ከክልሉ ከወጣ እንደ ማንኛውም ተጫዋች ነው፤ በእጁ ከነካ ቀጥታ ቅጣት ምት ይሰጥበታል። ቀይ የሚሆነው ግን ግልጽ የጎል ዕድል ሲያስቀር ነው። ግልጽ ነው አይደለም ለማለት ደግሞ አራት ነገር ይታያል። ከጎሉ ያለው ርቀት፣ የጨዋታው አቅጣጫ፣ አጥቂው ኳሱን የመቆጣጠር ዕድሉ፣ የተከላካዮች ብዛትና ቦታ። ያንን ኳስ አስታውሰው። ወደ ጎሉ ሳይሆን ወደ ጎን እየሸሸ ነበር። ሀላንድ ቢደርስበት እንኳ ከጎሉ እየራቀ ነው የሚደርሰው። ቫር የያዘው ይህንን ነው፤ አቅጣጫውን።

ታዲያ እኔ ዳኛ ብሆን? እውነቱን ልንገርህ። ቅጣት ምት እሰጥ ነበር። አትዌል አለመስጠቱ ስህተት ነው። እዚህ ላይ ተበድላችኋል፤ ልክ ነህ። ቫርም ሊያግዛችሁ አይችልም፤ ለተራ ቅጣት ምት ብቻ ብሎ ጣልቃ መግባት አይፈቀድለትምና። ጎል፣ ፔናሊቲ፣ ቀጥታ ቀይ፣ የተሳሳተ ተጫዋች ላይ የተመዘዘ ካርድ፤ የሚያየው እነዚህን ነው። ስለዚህ የተሰረቃችሁት ነገር ካለ አንድ ቅጣት ምት ነው። ከጎን በኩል። ከእሱ ዋንጫ ያወጣ ሰው ካለ አሳየኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። አንተ ያንን ድርጊት አላየኸውም! መብራት እልም ያለው ያኔ ነው። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ቤቱ ሁሉ ሲጮህ አንተ ማኪያቶ ልታዝ ወጣህ። ስትመለስ ድጋሚው አልቋል። «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» እያልክ እኔን ነው የጠየቅከኝ። እኔም ድጋሚውን ከግማሹ ጀምሮ ነው ያየሁት። የቀረውን ሁለታችንም በኋላ በስልክ ነው የጨረስነው። ጽሑፍህ ላይ ግን «በዓይኔ በብረቱ እንዳየሁት» ይላል።

ዳኛው ለፓላስ አድልቷል የምትለውም በአንድ እግሩ የቆመ ነው። ከእረፍት መልስ ሙኞዝ ኳሱን መረቡ ውስጥ አስገብቶ ነበር። 2 ለ 0 ሆነ ብለን ቤቱ ተደበላለቀ። ከዚያ ቫር መጣ። የፓላሱ ሳር ኦፍሳይድ ነበር ተብሎ ተሰረዘ። ሌባ እንዲህ አያደርግም። የሰረቀውን አይመልስም።

ሦስተኛው ክስህ ፔናሊቲው ነው። አባቴ እስከ ዛሬ ሪጎሬ ነው የሚለው፤ የጣሊያን ነገር በእሱ ዕድሜ ሰዎች አፍ ላይ ቀርቷል። 36ኛው ደቂቃ ላይ ሚቸል በርናርዶ ሲልቫን ጣለው። ትክክለኛ ሪጎሬ ነው። ልብ በል፣ ይህንንም የሰጣችሁ ያው «የተሸጠው» ዳኛ ነው። ሀላንድ ኳሱን አንስቶ ለቡድን ጓደኛው ለማርሙሽ ሰጠ። ማርሙሽ መታ። ሄንደርሰን አወጣ።

«ሀላንድ ቢመታው ኖሮ» ብለህ አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፈሃል። አክስቴ ጢም ቢኖራት ነው ነገሩ። ሀላንድ አልመታውም። ለምን ሰጠ የሚለው ጥያቄ የሀላንድ ነው እንጂ የፓላስ ጥፋት አይደለም። ሄንደርሰን ደግሞ ከጨዋታው በኋላ ማርሙሽ በየት በኩል እንደሚመታ ቀድሞ ያውቅ እንደነበር ተናግሯል። ቁጭ ብሎ አጥንቷል። ፈተና ላይ የሚመጣውን ጥያቄ ያጠና ተማሪ ዕድለኛ አይባልም።

ይልቅ ሌላ ፔናሊቲ ላስታውስህ። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ፓላስ ቪላን 1 ለ 0 እየመራ ማቴታ ፔናሊቲ ስቷል። ምን ሆነ? ፓላሶች አንገታቸውን አልደፉም፤ ሳር ሁለት ጨመረና 3 ለ 0 አለቀ። ሲቲ ከሳተ በኋላ አንድ ሰዓት ገደማ ቀርቶት ነበር። ያ ሁሉ ጊዜ ምን ተደረገበት? መጨረሻ ላይ ጋርዲዮላ ለሲቲ አንድም ጨዋታ ያላደረገውን ኤቼቬሪን አስገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በዋንጫ ፍጻሜ፣ 1 ለ 0 እየተመራ። ልጁ አይበደልም፤ ያገኛትን ዕድል ሞክሯል። ግን ይህ የተሰረቀ ቡድን ሳይሆን ግራ የገባው ቡድን ምልክት ነው።

በኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ፔናሊቲ ሲዳን ደግሞ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1988 እ.ኤ.አ. የዊምብልደኑ ቢሳንት የሊቨርፑሉን አልድሪጅ አዳነበት። ያም ጨዋታ 1 ለ 0 አለቀ፤ ያም ዋንጫ ለትንሹ ቡድን ሄደ። የሊቨርፑል ሰዎች ተሰረቅን ሲሉ አልሰማሁም። ሲቲ ራሱ በ2013 በዊጋን 1 ለ 0 ተሸንፏል፤ በባከነ ሰዓት፣ በቤን ዋትሰን ግንባር። ዊጋን ከሦስት ቀን በኋላ ከሊጉ ወረደ። እሱንም ሰርቆ ነው ልትለኝ ነው?

ባሱን በአጭሩ ላሳልፈው። ፓላስ ባስ አቁሞ ከሆነ ጎል ያገባ ባስ ነው፤ ሁለተኛም አግብቶ የተሰረዘበት። አንበሳ አውቶብስ ጠብቀን ለምናውቅ ሰዎች እንዲህ ያለ ባስ ብርቅ ነው። ሰዓት አባከኑ ብለሃል፣ አባክነዋል። ለዚያም ዳኛው 10 ደቂቃ ጨምሯል። 10 ደቂቃ! አስር ደቂቃ ተሰጥቶት አንድ ጎል ያጣ ቡድን ሃያ ቢሰጠውም ያው ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ። «ለፓላስ ይህ ዋንጫ ምን አመጣለት?» ብለሃል። «በሊጉ 12ኛ ወጣ። ዩሮፓ ሊግ እንኳ አልገባም። ኤዜን ሸጠ። እንግዲህ ይህ ነው ድል የምትሉት።»

ወዳጄ፣ አንተ ሲቲን መደገፍ የጀመርከው አጉዌሮ በመጨረሻዋ ደቂቃ ዋንጫ ካመጣላችሁ በኋላ ነው። በዓመት ሁለት ዋንጫ ሲቀርብልህ ኖረሃል። ለአንተ ዋንጫ እንደ ቁርስ ነው። ክሪስታል ፓላስ በ1905 እ.ኤ.አ. ነው የተመሠረተው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ትልቅ ዋንጫ አንስቶ አያውቅም። አንድም። ሁለት ጊዜ የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ በማንችስተር ዩናይትድ ተሸንፏል። በ1990 መጀመሪያ 3 ለ 3 ወጥተው በድጋሚው 1 ለ 0። በ2016 ደግሞ ፓንቺን አግብቶ እየመሩ ማታ አቻ አደረገ፣ በተጨማሪ ሰዓት ሊንጋርድ ጨረሳቸው። አያት፣ አባት፣ ልጅ ተከታትለው ባዶ እጃቸውን ከሜዳ የገቡበት ክለብ ነው።

ያን ማታ ዋንጫው ሲነሳ አንተ ሂሳብ ከፍለህ ወጥተሃል። ያላየኸው ሌላ ነገር ይኸውልህ። አምበሉ ጌሂ ነበር። ዋንጫውን ግን ብቻውን አላነሳም፤ ጆኤል ዋርድን ጠርቶ አብረው ነው ያነሱት። ዋርድ በ2012 የመጣ ነው። የ2016ቱን ሽንፈት ሜዳ ላይ ሆኖ የቀመሰ። በዚያ ፍጻሜ አልተጫወተም፤ ዕድሜው ሄዷል፤ ከክለቡም ሊለይ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ጊዮርጊስን በድሮው ስታዲየም ያዩ ሰውዬ፣ ማን ፓላስ ማን ሲቲ እንደሆነ እንኳ በደንብ አይለዩም፤ «ይሄኛው የቆየ ልጅ ነው መሰለኝ» አሉ። ፊቱን አይተው ነው ያወቁት። እና አንተ ምን አመጣ ትለኛለህ።

የዩሮፓ ሊጉን ነገር ደግሞ ቆርጠህ ነው ያቀረብከው። ፓላስ በዋንጫው ዩሮፓ ሊግ ገብቶ ነበር። ያወረደው የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ዩኤፋ ነው፤ ከዩሮፓ ሊግ በታች ወዳለው ኮንፈረንስ ሊግ። ምክንያቱም ጆን ቴክስተር የሚባለው ባለሀብት በፓላስም በፈረንሳዩ ሊዮንም ድርሻ ስለነበረው ነው። በአንድ ውድድር አንድ ሰው ሁለት ክለብ ላይ እጁ አይኑር ይላል ደንቡ፤ ጉዳዩን አስተካክሉ የተባለበት ቀንም አልፎ ነበር። ፓላስ ይግባኝ አለ፣ ነሐሴ ላይ ተፈረደበት። ይህ የቢሮ ጉዳይ ነው። የወረቀት። የባለቤቶቹ ጥፋት ነው ብትል አብሬህ እላለሁ። ግን ሜዳ ላይ የተሸነፍከውን በወረቀት አታወራርደው።

12ኛ መውጣቱም እንዳንተ አይነበብም። 53 ነጥብ ነው የሰበሰበው፤ ክለቡ በፕሪሚየር ሊግ ታሪኩ ይህን ያህል ሰብስቦ አያውቅም ነበር። በነሐሴ መጀመሪያም የሊጉን ሻምፒዮን ሊቨርፑልን የሁለቱ ዋንጫ አሸናፊዎች በሚገናኙበት ኮሙኒቲ ሺልድ ገጠመ። 2 ለ 2 ወጡ፤ በፔናሊቲ ፓላስ 3 ለ 2 አሸነፈ። ሄንደርሰን ሁለት አዳነ። ያው «ዕድለኛው» ሄንደርሰን። በፍልሰታ ስለነበር አብረን አላየነውም፤ አንተ ጾም ይዘህ ነበር፤ ከጥብስም ከኳስም።

ኤዜን መሸጡን በተመለከተ እንኳ፣ ዝም ብል ይሻለኛል። የገዛነው እኛ ነን። ልጁ በ13 ዓመቱ ከአርሰናል የተባረረ ነው። ለፓላስ የመጀመሪያውን ትልቅ ዋንጫ አስገኝቶ ወደተባረረበት ቤት ተመለሰ። ፓላስ ከእሱ ብዙ ገንዘብ አገኘ፣ እኛ ተጫዋች አገኘን። የከሰረ ሰው የለም። ካለም አንተ ነህ።

የመጨረሻው ክስህ ነው በእውነት ይህን መልስ ያጻፈኝ። የቀረውን ስቄ አልፈው ነበር። «ጥሎ ማለፍ በየትም አገር ሊግ ያቃተው ቡድን መጽናኛ ነው። የእኛን አገር ዋንጫ ማን ያስታውሰዋል?» ብለሃል።

እርግጥ ነው፣ የእኛ ጥሎ ማለፍ ብዙ ተበድሏል። ለዓመታት ተቋርጦ ያውቃል። ሊጉ ራሱ ከከተማ ከተማ እየዞረ ነው የሚደረገው። አዲስ አበባ መሐል ተቀምጠን የአገር ውስጥ ዋንጫ ፍጻሜ መቼ እንደሆነ የማናውቅበት ዓመት አለ፤ የዌምብሌይን ሰዓት ግን በደቂቃ እናውቃለን። በዚህ እኔም አንተም እናፍራለን። ግን ማን ያስታውሰዋል ስትል ማንን እየጠየቅክ ነው? አንተ ራስህ ታስታውሰዋለህ!

ወላይታ ድቻ በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዋንጫን ወሰደ። ፍጻሜው ከመከላከያ ጋር ነበር፤ ሁለቱም የፕሪሚየር ሊግ ቡድኖች። በሊግ ሻምፒዮን ሆኖ የማያውቅ ክለብ በዚያች ዋንጫ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ትኬት ቆረጠ። በ2010 የዛንዚባሩን ዚማሞቶ ጣለ። ቀጥሎ የደረሰው ዛማሌክ ነው። አምስት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነው ዛማሌክ። ሐዋሳ ላይ ድቻ 2 ለ 1 አሸነፈ። ሁላችንም «ይሁን፣ ካይሮ ላይ ይበላሉ» አልን። ካይሮ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፉ። ወደ ፔናሊቲ ሄደ። ድቻ አለፈ።

ያን ማታ የት ነበርክ? ፒያሳ፣ የድሮዋ ቤት። ጠረጴዛ ላይ ወጥተህ ነበር። የማታውቀውን ሰው አቅፈህ ስትሳም አይቼሃለሁ። ባለቤቷ እትዬ «ጠረጴዛዬን!» እያሉ ሲጮሁ «እትዬ፣ ዛማሌክ ነው እኮ፣ ዛማሌክ!» ስትላቸው ሰምቼሃለሁ። ድቻ በቀጣዩ ዙር በታንዛኒያው ያንጋ መሰናበቱ ደስታህን አልቀነሰውም። ያ ማታ የመጣው አንተ መጽናኛ ካልከው ዋንጫ ነው። ያለዚያ ዋንጫ ድቻ ካይሮን በካርታ ነበር የሚያየው።

አሁን አንድ ጥያቄ። ያን ቀን ካይሮ ላይ ድቻ ኳሱን ስንት በመቶ እንደያዘ ጠይቀህ ነበር? ዛማሌክ ስንት ሙከራ እንዳደረገ ቆጥረህ ነበር? ድቻዎች ሰዓት ሲያባክኑ፣ በረኛው ኳስ አቅፎ መሬት ላይ ሲተኛ ተቆጥተህ ነበር? እኔ የማስታውሰው «ተኛ! ተኛ!» እያልክ ነው። ዕድል ነው ያለህ ሰው ቢኖር ኖሮ ከዚያች ቤት በሰላም አይወጣም ነበር።

የፓላስ ሰዎችም ግንቦት 9 ማታ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ውረዱ አትበላቸው።

ቅጣት ምቷን ሰጥቼሃለሁ፤ እሷን ከሂሳብ ቀንስ። ጥብሱ ግን ሙሉ ነው። ለሁለት ሰው፣ አዋዜ ያለው። ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ አራት ኪሎ እጠብቅሃለሁ፤ ሐውልቱ ጋ። ጾም እንዳልሆነ አይቻለሁ። ሽሮ አይቆጠርም።